በማርያም ብዬ የማልኩበት ጉድጓድ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይህን አንዱን እንደ ጠጠር ከምላሴ ሥር ይዤው ተነሥቻለሁ። አንዲት ሴት ብቻ ከአፌ ሰምታዋለች፤ እሷም ሙሉውን አይደለም። ከሥሩ እስከ ጫፉ የምትሰሙት እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። አደራችሁን፣ ስታነቡ አታዝኑልኝ። ማዘን ካለባችሁ የምታዝኑላቸው ሌሎች ሰዎች አሉ።

ጌታቸው እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ገና ጢሜ በወጉ ሳይሞላ፣ ማዕድን ከሚፈልግ ቡድን ጋር በቴክኒሻንነት ተቀጠርኩ። ገበሬዎቹ «ኢንጅነር» ይሉኝ ነበር። አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

የምንፈልገው የድንጋይ ከሰል ነበር። ከደሴ ወጣ ብላ ካለችው ከገራዶ አለፍ ብሎ፣ ጭጋግ ከማይለየው አንድ ተረተር ላይ ሰፈርን። የቀበሌውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ሥራው ለመናገር ቀላል ነው። ጉድጓድ እናስቆፍራለን፤ ጥቁሩ ድንጋይ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚወፍር እንለካለን፤ ናሙናውን በከረጢት እንይዛለን፤ ከዚያ ጉድጓዱን ባወጣነው አፈር መልሰን እንደፍናለን። ማስደፈኑ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ «ተደፍኗል» የሚል መስመር ያለው ቅጽ አለ፤ እሱ ላይ የምፈርመውም እኔ ነበርኩ።

ያ አገር እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ተነሥቶ ዳገቱን እንደ ወተት ይሞላዋል። ዓይን ሥራ ይፈታል፤ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው፤ የከብት ቃጭል፣ የሰው ሳል፣ ከማዶ የሚመጣ አዛን። ድንገት አንድ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ብቅ ይልና፣ እግር የሌለው ይመስል ተንሳፎ ያልፋል፤ «ሰላም አደራችሁ» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ይጠፋል። እዚያ ስኖር ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማልለይበት ሰዓት ብዙ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት ነው? እንዳይመስላችሁ። ጭጋግ ቅጽ ላይ አይፈርምም።

ከቆፋሪዎቻችን አንዱ ይመር የሚባል የዚያው አገር ገበሬ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዘይነባ የምትባል ሚስትና ከድጃ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ነበሩት። ቤቱ ከድንኳናችን በታች ስለነበር ዝናብ ሲይዘን እዚያ እንገባለን። ዘይነባ እኔ ክርስቲያን መሆኔን፣ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትኩስ ቂጣ በእርጎ ታቀርብልኝ ነበር። «ብላ እንጂ ወንድምዓለም፤ እርጎ ሃይማኖት የለውም» ትለኛለች። ይመር ይስቃል። ልጅቱ ከምሰሶው ኋላ ሆና ታየኛለች።

አንድ ቀን ከናሙናው ጥቂት ጥቁር ድንጋይ አምጥቼ ምድጃዋ ውስጥ ጣልኩላት። እያጨሰ፣ እያስነጠሰን፣ ቀስ ብሎ ፍም ሆነ። ዘይነባ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ማሻአላህ! ድንጋይ ሲነድ አየሁ!» አለች። ይመር ግን አልሳቀም። ፍሙን ሲያይ ቆየና «ይሄ ከተገኘማ ዘይነባ ለእንጨት ገደል መውረዷ ይቀራል» አለ። እንዲህ ብቻ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያሳየሁት። ያን ድንጋይ ወደ ቤቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አስራ አንድ ጉድጓድ አስቆፈርን። አሥሩን በደንብ አስደፍኛለሁ። አስራ አንደኛው ወደ ምንጩ ከሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነበር፤ ጥልቀቱ ሦስት የሰው ቁመት። ሐምሌ ገብቷል። ዝናቡ በመክበዱ ቆፋሪዎቹን ቀደም ብዬ አሰናብቼ ነበር፤ ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ነው። የወጣውን አፈር ብቻዬን ለመመለስ ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ከታች መኪናው ጡሩንባውን ይነፋል፤ ሾፌሩ ጭቃው ሳይብስ መውጣት ይፈልጋል። እኔስ? እኔ ደሴ መግባት የፈለግሁበትን ምክንያት ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። የታመመ ዘመድ አልነበረኝም፤ ሠርግም አልተጠራሁም። የዓለም ዋንጫ ነበር። ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ጓደኞቼ ወንበር ይዘውልኝ ነበር።

እንዲህ አደረግሁ። ቅርንጫፍና ቁጥቋጦ ቆራርጬ የጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደምኩ። በቅርንጫፉ ላይ አሮጌ ጆንያ ዘረጋሁ። በጆንያው ላይ አፈር በተንኩ። ከዚያ በአካፋ ጀርባ እየዳበስኩ አለሰለስኩት፤ የተደፈነ ጉድጓድ መሰለ። በእግሬ አልረገጥኩትም። ለምን አልረገጥኩትም? ሌሎቹን አሥሩን እኮ እየዘለልኩ ነው የረገጥኳቸው። ይህን ያልረገጥኩት እንደማይሸከመኝ ስለማውቅ ነው። እኔን የማይሸከመው መሬት ሌላውን ሰው የሚሸከም መስሎኝ ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሰኞ ተመልሼ እደፍነዋለሁ አልኩ። ሰኞ ዘነበ። ማክሰኞ አለቃችን ቡድኑ ወደ ሌላ ወረዳ እንዲዛወር ወሰነ። ቅጹን አቀረበልኝ፤ አስራ አንዱም ጉድጓድ በተራ ተጽፏል። አስራ አንድ ጊዜ ፈረምኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ፣ ጭጋግ በዋጠው አንድ ጠዋት፣ ዘይነባ ጀሪካኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አልተመለሰችም። የአገሩ ሰው ሲደርስ ጉድጓዱ ተከፍቷል፤ ከታች ውሃና ጭቃ አለ። በገመድ አወጧት። ከቀትር በፊት ቀበሯት።

አላየሁም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። በሕልሜ ጭጋጉ እስከ ወገቧ ነው፤ ዘይነባ ትሄዳለች፤ እየሄደች ለራሷ ታንጎራጉራለች። መሬቱ አንድ እርምጃ ይሸከማታል። ሁለተኛውንም ይሸከማታል። እኔ ከማዶ ቆሜ እጄን አነሣለሁ፤ እሷ ግን ሰላምታ መስሏት እጇን ታነሣልኛለች። ሁልጊዜ እዚህ ላይ እነቃለሁ። ስትወድቅ አይቼ አላውቅም። ያንን እንኳ አላይም፤ በሕልሜም ፈሪ ነኝ።

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ። አለቃዬ ጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ጌታቸው፣ አስራ አንደኛው ተደፍኗል አይደል?»

«ተደፍኗል።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እንግዲያው ሂድና ይህንኑ ንገራቸው» አለ።

ነገሩ በአገር ሽማግሌ ተይዞ ነበር። በዚያ አገር ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ አባጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ የዚያን ቀን ዳኝነቱን የያዙት ሼህ ሙሄ የሚባሉ፣ ዓይናቸው ሊጠፋ የተቃረበ አዛውንት ነበሩ። ሕዝቡ ከወይራው ሥር ተቀምጧል። የዘይነባ ወንድሞች በአንድ ወገን፣ ይመር ብቻውን በሌላው ወገን። አንድ ጎረቤት ተነሥቶ፣ እኛ ከሄድን በኋላ ይመር ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ በዶማ ሲቆፍር በዓይኑ እንዳየ መሰከረ። ይመር አልካደም።

«ወላሂ፣ ከአፉ ዳር ትንሽ ጭሬያለሁ» አለ። «ጥቁሩን ድንጋይ ለምድጃዋ ላመጣላት ብዬ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ አልቆፈርኩም፤ ወላሂ!»

ሼህ ሙሄ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ጉድጓዱን ትታችሁት ስትሄዱ እንዴት ነበር?»

«ደፍነነው ነው የሄድነው፣ አባቴ» አልኩ። «በሬ ቢቆምበት ይሸከማል። ሰው መልሶ ካልቆፈረው በቀር በራሱ አይሰምጥም።»

«ከውስጡ ቅርንጫፍ ወጥቷል ይላሉ።»

«ስንደፍን ቅርንጫፍም አብረን እንጨምራለን» አልኩ። ውሸት ሲመጣ እንዴት ይቀልላል! አንዱ ሌላውን እጁን ይዞ ያስገባዋል።

«ክርስቲያን ነህ። በምታምናት ማልልን» አሉኝ።

ቀና ብዬ ወይራውን አየሁ። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ከሥራ እባረራለሁ፤ ምናልባት እታሰራለሁ። ይኸው ነው። ይህን ያህል ነበር የሰው ሕይወት የመዘንኩበት ሚዛን።

«በማርያም ደፍኜዋለሁ» አልኩ።

ይመር አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ እንዴት በተሻለ! አልተቆጣም። የረሳውን ነገር ለማስታወስ የሚጥር ሰው ዓይን ነበረው። ወደ እጆቹ አቀረቀረ፤ መዳፎቹን ገለባብጦ ተመለከተ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «ኢንጅነር ካለማ... እኔ ሳላበዛው አልቀረሁም» አለ።

ሽማግሌዎቹ አውቆ እንዳላደረገው ፈረዱ። ነገር ግን የዘይነባ ወንድሞች ፊቱን እያዩ መኖር አልቻሉም፤ አገሩን ለቅቆ እንዲሄድ፣ ልጅቱም ደሴ ከሚኖረው አጎቷ ዘንድ እንድታድግ ተወሰነ። ሼህ ሙሄ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሕዝቡ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሥራው ብዙ አልቆየሁም። ኮምቦልቻ ብረት የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦታ አገኘሁ፤ የብረት ጥንካሬ የሚፈተሽበት ክፍል። ብረቱን ማሽኑ ላይ አስሬ እስኪበጠስ አስጎትተዋለሁ፤ ከዚያ «ይህን ያህል ይሸከማል» ብዬ እፈርማለሁ። ሰው በሥራዬ ጠንቃቃነት ያመሰግነኝ ነበር። አንድም ፌሮ ሳልፈትሽ ፈርሜ አላውቅም። ሰው እንዲህ ነው የሚሸሸው፤ ባጎደለበት ሳይሆን በሌላ ቦታ ሞልቶ።

አንድ ቀን በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በፋብሪካው በር፣ የጭነት መኪና ላይ ፌሮ ከሚጭኑት ሠራተኞች አንዱ ዘወር ብሎ «ኢንጅነር!» አለኝ። ይመር ነበር። ከስቷል፤ ጸጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። አቅፎ ሳመኝ፤ ላቡ ጉንጬን አረጠበው። ሻይ ቤት ገባን። ስለ አገሩ ጠየቅሁት፤ ተመልሶ አያውቅም። ስለ ከድጃ ጠየቅሁት፤ «ትማራለች አሉ» አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለዚያ ነገር አነሣ።

«እስከ ጉልበቴ ሳልቆፍር አልቀረሁም፣ ኢንጅነር። ያን ጊዜ ሰው ፊት ደንግጬ አሳንሼ ነው የተናገርኩት።»

ቁርጭምጭሚቱ ጉልበት ሆነ! እኔ እኮ አውቃለሁ፤ ጆንያውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ጉልበቱ ቢቆፍር ኖሮ ያን ዕለት ራሱ ሰምጦ ይሞት ነበር። ይህን ማስረዳት አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈጀው። አላስረዳሁትም። በዚያ ፈንታ ለአስተዳደሩ ተናግሬ በዚያው ፋብሪካ ዘበኛ አስቀጠርኩት። ቸርነት መሰላችሁ? አፌን የዘጋሁበት ጉቦ ነበር፤ የከፈልኩትም ለእሱ ሳይሆን ለራሴ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ጠዋት ስገባ ማታ ስወጣ፣ በሩን እየከፈተ «አላህ ይስጥልን፣ አላህ ያክብርህ» ይለኝ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ የበደልኩት ሰው ይመርቀኛል። እኔም ጭንቅላቴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ጉበቱን ታመመ። መነሣት ሲያቅተው ተከራይቶ ወደሚኖርባት ክፍል ሄድኩ። ቀትር ነበር፤ ከቆርቆሮው ሥር አየሩ ይርገበገባል፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ቀስ እያለ ይዋኛል። ይመር ፍራሹ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አሁን ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ታየኝ» አለ። «ከራሴ በላይ ነበር የቆፈርኩት። አፈሩ እጄ ላይ ይሞቅ ነበር። ቀና ስል ሰማይ ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ ክብ ሰማይ። ሳልደፍነው ትቼው ወጣሁ። ዘይነባ እንደምትመጣ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ?»

ያን ሰማይ አይቶት አያውቅም። ያን አፈር አልነካውም። እኔ ከወይራው ሥር የዘራሁትን ቃል፣ እሱ በሐቀኝነቱ ውሃ አጠጥቶ፣ ኮትኩቶ፣ ዛፍ አድርጎታል። ውሸቴን በዓይኑ እስኪያየው ድረስ አመነኝ። ከሰው ላይ መሬቱን፣ ልጁን መውሰድ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ትዝታውንም መውሰድ እንደሚቻል ያን ቀን ነው የገባኝ።

«አንድ ነገር አስቸግርህ» አለ። «ከድጃ ደሴ ናት። እኔን አታነጋግረኝም፤ እውነት አላት። አንተ እዚያ የነበርክ ሰው ነህ። ሂድና አባትሽ አውቆ አይደለም በልልኝ። አንተን ታምንሃለች።»

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከፈትኩ። «ይመር...» አልኩ። እሱ የማለቅስለት መስሎት እጄን ያዘኝ። «አብሽር ወንድሜ፤ አታልቅስ» አለኝ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ነገ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቀብሩ ላይ አካፋ ተቀብዬ አፈር መለስኩ። እስኪሞላ ድረስ አካፋውን ለማንም አልሰጠሁም። ሰው ወዳጅነታችንን አደነቀ።

ከድጃን ያገኘኋት ቧንቧ ውሃ ነው፣ እኔ ከተወለድኩበት ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ። ልክ እንደ እናቷ ናት፤ በሯ ላይ ቆሜ አየኋት። «ይግቡ አባቴ፤ ምን ነበር?» አለችኝ። አባቷ ሳይሞት የሰጠኝን መልእክት ይዤ እንደመጣሁ ነገርኳት። ፊቷ ተዘጋ። የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

«እርስዎ ደክመው መጥተዋል፤ አመሰግናለሁ። ግን እናቴን ጉድጓድ ቆፍሮ የገደለ ሰው መልእክት አያስፈልገኝም» አለች።

«አልቆፈረም» አልኩ።

ከዚያ ነገርኳት። ስለ ቅርንጫፉ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ መሐላው። ስለ ኳሱ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። አሁን እዚህ ሲነበብ ትሰማዋለች። እግሯ ቆመ። መንኮራኩሩ ብቻውን ትንሽ ዞሮ ቆመ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«አባቴ እስከየት ነበር የቆፈረው?»

«እስከ ቁርጭምጭሚቱ።»

«ሁለት ጊዜ እዚህ መጥቶ ነበር» አለች። «አንዴ ከኮምቦልቻ ፓፓያ ይዞልኝ መጣ። ዝናብ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየዋለሁ። ጎረቤቴን 'የለችም በይው' አልኳት። ፓፓያውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ምንም ሳይዝ መጣ። ያኔም የለችም አልኩ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለኝ ነበር።

«አንተ» አለችኝ፣ «ለእኔ ብቻ ተናግረህ ቀሎህ አትሄድም። የማልከው በሰው ፊት ነው። ጻፈው። ስምህን ጽፈህ፣ ሁሉንም ጻፈው። አጎቶቼንና የአገሩን ሽማግሌ ሰብስቤ አስነብበዋለሁ። አሁን ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ይኸው ጻፍኩ። ሲነበብ እዚያው እቆማለሁ፤ የሚሉኝን እሰማለሁ፤ የሚያደርጉኝን እቀበላለሁ። ሼህ ሙሄ አርፈዋል፤ ያስማሉኝ ሰው እውነቱን ሳይሰሙ ሄደዋል። ለሚስቴም ከዚህ ወረቀት አንድ ግልባጭ አስቀምጬላታለሁ። ነገ ደግሞ ወደ ንስሐ አባቴ እሄዳለሁ፤ ቀኖና ይሰጡኛል፤ እጾማለሁ፤ እሰግዳለሁ። ግን ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ጭጋግ ነበር የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ይቅርታ እናንተን የበደልኩትን ብቻ ነው የሚያነጻው፤ ከሁሉ በላይ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው በልጁ ደጅ በዝናብ ቆሞ፣ የለችም ተብሎ ተመልሷል። ከዚያ ደጅ የመለስኩት እኔ ነኝ።